የወይራው ሰፈር ጭፈራ፣ መግቢያ በነፃ

ደሴ መናኸሪያ በር ላይ ባነር ሰቅለዋል። ጨርቅ ነጋዴ ስለሆንኩ ከጽሑፉ በፊት የማየው ጨርቁን ነው፤ ይሄኛው ግን ጨርቅም አይባል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ላስቲክ ላስቲክ የሚሸት፣ ንፋስ ሲነካው እንደ ቆርቆሮ የሚንኳኳ ነገር ነው። መሐሉ ላይ አንዲት ባልቴት አለች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አደግድጋ፣ አንድ እግሯን አስቀድማ፣ ትከሻዋን ከፍ፣ አፏን ትንሽ ከፈት አድርጋ ወደ አንድ ወገን ስታመራ ፎቶ የተነሳች ናት። ከራሷ በላይ በወፍራም ፊደል «የወይራው ሰፈር ባህላዊ ጭፈራ በመካነ ሰላም፣ መግቢያ በነፃ» ይላል፤ ከእግሯ ሥር ደግሞ ቀጠን ባለ ፊደል «ደስታዋን መደበቅ ያቃታት እናት» የሚል አለ። አላፊ አግዳሚው ቀና ብሎ ያያትና ፈገግ ይላል። አንዲት ቆሎ ሻጭማ «ወይኔ፣ ስታምር!» ብላ ለጓደኛዋ ስታሳያት ሰማሁ።

ባልቴቷ ታላቅ እህቴ ናት። ያን ቀን ደስ ብሏት አልነበረም፤ ወደ እኔ እየመጣች ነበር። እናታችን ከሞተች ወዲህ ተኳርፈን፣ ከአንድ ማኅፀን እንዳልወጣን ሰላምታ ተነፋፍገን ለኖርነው ለሁለታችን፣ ፎቶው ላይ የምትታየው እርምጃ የመታረቂያችን የመጨረሻ ዕድል ነበረች። ይህን ከዚህ ሁሉ መንገደኛ መሐል የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ባነሩ ሥር ቆሜ አንጀቴ እያረረ የሰዉን ፈገግታ ስመለከት ቆየሁ።

የላስቲኩ ሽታ ነው መሰለኝ የድሮውን ሽታ የቀሰቀሰብኝ፤ ሰው የሚጠላው ነገር የሚወደውን ያስታውሰዋል። የእኛ የጭፈራ ቀን የሚሸተው አደስ አደስ ነበር። እናቴ በዓሉ ሲቃረብ ያን ሽታው ሰውን የሚጠራ ቅጠል ወቅጣ ከለጋ ቅቤ ጋር ትለውስና «ዘሀራ፣ ነይ ይቺን ልጅ ቀቢልኝ» ብላ እህቴን ትጣራለች። እኔ ዘሀራን «እታለም» ብዬ ነው ያደግኩት፤ ታላቅን በስሙ መጥራት በእኛ ቤት ነውር ነው። የእታለም እጅ መቆጠብ አያውቅም፤ ራሴ ላይ የምትከምረው ቅቤ ፀሐይ በረታ ሲል በግንባሬም፣ በጆሮዬም፣ በማጅራቴም ይወርድና አዲሱን የአቡጀዲ ቀሚሴን አንገቱ ድረስ ቢጫ ያደርገዋል። ዝንቡም አለ። ለጭፈራ የምሄድ ሳይሆን ለወጥ የተዘጋጀሁ ይመስለኝና አለቅሳለሁ፤ እታለም ደግሞ እንባዬንም ቅቤውንም በአንድ ላይ በቀሚሷ ጫፍ ትጠርግልኛለች።

ሰፈራችን ከመካነ ሰላም ገበያ ወረድ ብሎ፣ ከከላላ በኩል በበቅሎ የሚመጡ ገበያተኞች ጭነታቸውን አራግፈው በሚያርፉበት ሜዳ ዙሪያ የተሰበሰበ የጭቃ ቤት መንደር ነበር። ሜዳው መሐል ግንዱ የተጠማዘዘ ትልቅ ወይራ ቆሟል፤ ወይራው ሰፈር የተባለውም በእሱ ነው። ከወይራው በላይ ቁርአን የሚያቀሩ ቤተሰቦችና እኛ፣ ከወይራው በታች ልብስ ሰፊው ጋሽ ደምሴና የማኅበር ወንድሞቹ እንኖራለን፤ በላይና በታች መባሉ ግን ለፍሳሽ ውሃ ጠብ ካልሆነ ለሌላ የሚጠቅም አልነበረም። በኢድ ሦስተኛ ቀንና በመስቀል ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የላዩም የታቹም ወይራው ሥር ይሰበሰባል።

ጭፈራውን የሚመሩት እመት ጦይባ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሴት። በአዘቦት ቀን ጨውና በርበሬ ይቸረችራሉ፤ ጨውና በርበሬ የማይገዛ ቤት ስለሌለ ደግሞ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ከእሳቸው የሚሰወር አልነበረም። ከበሮው የጋሽ ደምሴ ነው። አንድ ዓመት የመስቀል ዝናብ ቆዳውን አላልቶበት በባዶ የዘይት ጀሪካን ሲመታላቸው፣ እመት ጦይባ ዘፈኑን አቋርጠው «ኧረ በአላህ ደምሴ፣ ልታስጨፍረን ነው ወይስ ጦጣ ከማሳ ልታባርር?» ቢሉት ሜዳው በሳቅ አውካካ። ጋሽ ደምሴ ግን ቅር ሳይለው ጀሪካኑን አገላብጦ በሌላው ጎኑ ቀጠለ።

ተመልካች የሚባል ነገር አናውቅም። ወይራው ሥር የደረሰ ሰው ወይ ይጨፍራል ወይ ያጨበጭባል፤ እጁን አጣጥፎ የቆመ ከተገኘ ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን ትከሻው ላይ ትጥልበታለች፤ ነጠላ የተጣለበት ሰው ደግሞ መሐል ሳይገባ መመለስ አይችልም። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ አዲስ የሒሳብ አስተማሪ ነበረን፣ መነጽሩን ወልውሎ ሊያይ መጣ። የጣሉበትን ነጠላ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ገባና፣ ጫማው ውስጥ ጠጠር እንዳለበት ሰው አንድ እግሩን ሲያራግፍ አመሸ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪው ሁሉ «ጋሽ ጠጠር» አለው፤ እሱ ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ጭፈራ አላመለጠውም።

ነገሩ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንዲህ አላርርም ነበር። እኛ ሰፈር የተኳረፉ ሰዎች የሚታረቁት እዚያ ነው። ሰልፉ ሁለት ነው፣ ፊት ለፊት የቆመ። እመት ጦይባ ዘፈኑን ከማንሳታቸው በፊት በሁለቱ ሰልፎች መሐል ወዲህ ወዲያ እያሉ የተኳረፉትን በክንዳቸው ይዘው አንዱን ከአንዱ ትይዩ ያቆማሉ። ማንም እምቢ አይልም፣ ገና ምንም አልተባለማ። ከዚያ ስም ሳይጠሩ በግጥም መንካት ይጀምራሉ። እናቴና የጋሽ ደምሴ ሚስት እትዬ አስካለ በዚያው በፍሳሽ ውሃ ተጣልተው ክረምቱን ሙሉ ፊት ሲዟዟሩ የከረሙ ጊዜ፣ እንዲህ ብለው አወረዱት፦

እሳት ስትጭሪ ኖረሽ ከቤቴ ማለዳ፣
ዛሬ እንዴት አለፍሽኝ እንደማያውቅ ባዳ።

እትዬ አስካለ ሳቋን ለማፈን የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። እናቴ ወደ ሰማይ አንጋጣ ደመና የምትመረምር መሰለች። ያኔ ሁለቱም ሰልፎች በአንድ ድምፅ «መጥሪያው» የምንለውን ተቀበሉ፦

ነይ ከወዲያ ማዶ፣ እኔም ከወዲህ፣
ትከሻ ይናገር፣ አፍ ዝም ይበል እንግዲህ።

ይሄ ሲባል ከሁለቱ ታላቅ የሆነው ቀድሞ ይወጣል፤ ታናሽ ደግሞ ታላቁ መሐል ሜዳ ከመድረሱ በፊት ወጥቶ መቀበል አለበት። መሐል ላይ ይገጥማሉ፤ ትከሻ ለትከሻ፣ ዓይን ለዓይን ሆነው እስክስታውን ያወርዱታል፤ ከሁለቱ የአንደኛው ሳቅ እስኪያመልጥ ከበሮው አይቆምም። ሳቅ ካመለጠ አለቀ። «አውፍ በይኝ»፣ «አውፍ ብያለሁ፣ አንቺም በይኝ» እያሉ ይቅር ተባብለው፣ ላባቸውን እየጠረጉ ወደየሰልፋቸው ይመለሳሉ። ያን ለት ማታ እናቴ ለእትዬ አስካለ ቤት እርጎ ላከች፤ ፍሳሹም እንደ ድሮው በራሱ መንገድ መፍሰሱን ቀጠለ።

አያችሁ፣ ማን አጠፋ፣ ማን ጀመረ የሚል ጥያቄ የለበትም። ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ እኮ ነገሩ ከሥሩ ይመረመራል፤ አንዱ አጥፊ፣ አንዱ ተበዳይ ይሆናል፤ አጥፊ የተባለው ጉልበት ስሞ ይነሳና ሆዱ ውስጥ ሌላ ቂም ይዞ ይገባል። ሽማግሌ ፊት ጭራሽ ሊወጡ የማይችሉ ጠቦችም አሉ፤ የእናትና የልጅ፣ የእህትና የእህት፣ በተነገሩ ቁጥር የሚብሱ። እነዚያን ወይራው ሥር ነበር የምንወስዳቸው።

እኔና እታለምም አንድ ጊዜ ተሰልፈናል። የምሳሳለትን ሐምራዊ ሻሼን ለጓደኛዋ ሠርግ አስራው ሄዳ ጫፉን አቃጥላ መለሰችው። እኔም በልጅ አቅሜ አኮረፍኩ፤ አንድ ገበታ ላይ ስንቀርብ እንኳ የእኔን ወገን በጣቴ አሰምርና «ይሄን እንዳትነኪ» እላለሁ፣ ለእናቴ መሆኑ ነው፣ ለእሷማ አልናገራትም። እመት ጦይባ ይህን ከማን እንደሰሙ አላህ ይወቅ፣ በዚያ ዓመት ኢድ ከትልልቆቹ መሐል አስገብተው ከእታለም ትይዩ አቆሙኝ። መጥሪያው ተባለ። እሷ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጃገረድ፣ እኔ ጥርሴን ተክቼ ያልጨረስኩ ጩጬ፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አደግድጋ፣ ትከሻዋን ከፍ፣ አፏን ትንሽ ከፈት አድርጋ መጣች። ስትጨፍር ሁልጊዜ አፏ እንደዚያ ይከፈታል፣ ሊናገር አስቦ የተወ ሰው ትመስላለች። ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። ያ ሁሉ ሰው ባለበት ሜዳ እሷ የምታየው እኔን ብቻ ነበር። ሮጬ ወጣሁ፤ ቅቤዬ እየተንጠባጠበ፣ እያለቀስኩም እየሳቅኩም ትከሻዬን ነቀነቅኩ። ከዚያ ወዲህ በዕድሜዬ ብዙ ነገር አግኝቻለሁ፤ እንደዚያ ተፈልጌ ግን አላውቅም።

እንዲህ ያለ ነገር አንድ ቀን ድንገት አይጠፋም፣ እንደ ጨርቅ ነው፣ መጀመሪያ ቀለሙ ይሄዳል። እመት ጦይባ ዓይናቸው ደከመ፣ ቀጥሎ እሳቸውም ወደማይቀረው ሄዱ። ወጣቱ ግማሹ ዓረብ አገር፣ ግማሹ አዲስ አበባ ገባ፤ እኔም ባሌን ተከትዬ ደሴ መጥቼ ሱቅ ከፈትኩ። ክፉ ዓመታት መጡና ሰው በሩን በጊዜ መዝጋት ለመደ። ከዚያ ፎቅ የሚሠሩ ሰዎች ቤቶቹን አንድ በአንድ ይገዙ ጀመር፤ ያልተሸጠውን መንገዱ ሲሰፋ አነሱት፤ ነዋሪው በከተማው ዳር ዳር ተበተነ። ወይራው ተቆርጦ ሜዳው ኮብልስቶን ለበሰ። ወይራው ሲገነደስ ያየ ሁሉ የሚያወራኝ ስለ ጥላው ነው፤ ጥላማ ዣንጥላም ይሰጣል።

የእናታችንን ቤት የሸጠችው እታለም ናት። እናታችንን እስከ መጨረሻው ያስታመመቻት፣ ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት እሷ ናት፤ ቤቱ ደግሞ የሁለታችን ነው። እኔ ሳልሰማ ተሸጠ። በስልክ ተነጋገርን፤ እሷ «ስትታመም ወዴት ነበርሽ?» አለችኝ፣ እኔም ከአንደበት የማይወጣ ነገር መለስኩላት። ማን ልክ እንደነበር አሁንም አልነግራችሁም፤ ሁለታችንም ልክ ነበርን፣ መከራውም እሱ ነው። ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ሞክረው ነበር። ገና «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሩን» ሲሉ እታለም ነጠላዋን አንስታ ወጣች፤ ብትቀመጥ ኖሮ እኔ እወጣ ነበር። ከመጀመሪያው ከተባለ የእናታችን ጣር ሊነሳ፣ የእታለም ብቻዋን ማደር ሊነሳ፣ በዚያው ሰሞን ደሴ ላይ አልጋ ይዞ የነበረው የባሌ ነገር ሊነሳ ነው። እንዲህ ያለውን ለሰው ፊት ዘርዝሮ የሚታረቅ የለም። ተኳረፍን፣ ዓመታቱም ሄዱ።

ያለፈው ዓመት ጥር ላይ ሱቄ ውስጥ ሳለሁ ስልክ ተደወለ። የማላውቀው ጨዋ ድምፅ ነው። «የወይራው ሰፈር ተወላጅ ነዎት አይደል፣ እናቴ? የሰፈሩን ባህል የሚዘክር የጭፈራ ፕሮግራም አዘጋጅተናል። ለሕዝብ በነፃ ነው» አለኝ። «በነፃ» የምትለዋን ደጋግሞ አላት፣ ሳቄ መጣ፤ ወይራው ሥር ለመጨፈር ማን ከፍሎ ያውቃል? ቀጥሎ ግን «መጥሪያው የሚባለውንም የድሮ ግጥም አግኝተናል፣ ይቀርባል» ሲለኝ በእጄ የያዝኩት ሜትር ወደቀ። መጥሪያው ከተባለ፣ እታለም ከመጣች፣ እኔም ካለሁ፣ ሌላ ምን ይፈለጋል? ማንም «ከመጀመሪያው ንገሩን» አይለን። ለሰው ከምሸጠው ሁሉ ጥሩውን መርጬ ቀሚስ አሰፋሁ፣ ከገበያ አደስ ፈልጌ አስወቀጥኩ።

የመካነ ሰላምን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል፤ አቀስታ ስትደርሱ ብርዱ በተዘጋ መስኮት ይገባል። እኔ ግን ነጠላዬን ተከናንቤ ከነጠላው ሥር ትከሻዬን እሞክረዋለሁ፤ አርጅቷል፣ ይንቋቋል፣ ግን አልረሳም። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት «እናቴ፣ በረደዎት እንዴ?» ብላ ፎጣዋን ልታለብሰኝ ሞከረች። «አይ ልጄ፣ ደህና ነኝ» ብላት ጊዜ ይበልጥ አዘነችልኝ፣ እኔም በሆዴ እየሳቅኩ መንገዱን ጨረስኩት።

ሜዳው ላይ መድረክ ተሠርቷል፣ ድንኳን ተተክሏል፣ እንደ አሞሌ የተደረደሩ ሞንታርቦዎች ቆመዋል። በመድረኩ ፊት ያለውን ኮብልስቶን በሦስት ወገን በገመድ አጥረውታል። ከገመዱ ወዲያ ጨፋሪ፣ ከገመዱ ወዲህ ሕዝብ። ከፊት ሶፋ፣ ለክቡራን፤ ከኋላ የላስቲክ ወንበር፣ ለእኛ። ንግግር ተደረገ፤ ስለ ሰፈሩ ባህል የተናገሩት ሁሉ ሰፈሩ የት እንደገባ አላነሱም። ከዚያ ጨፋሪዎቹ ወጡ። ልጆቹን አልወቅስም፣ እጅና እግራቸው እንደ ምንጭ ውሃ ነው። ልብሳቸው ግን ሳቲን ነው፣ ጥለቱም የታተመ እንጂ የተሸመነ አይደለም፤ በአንድ መጋዝ የተቆረጠ ጣውላ ይመስል ሁሉም አንድ ዓይነት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ የሚመጣው ከሞንታርቦው ነው። ሁለት ሰልፍ ሠርተዋል፤ ግን ሁለቱም ሰልፎች ፊታቸውን ወደ እኛ፣ ወደ ካሜራው አዙረዋል። እርስ በርሱ የሚተያይ ሰው የለም። ይህን ሳይ ልቤ ቀዝቀዝ አለ።

እታለምን ያየኋት ያኔ ነው። ከታጠረው ኮብልስቶን ማዶ፣ በወዲያኛው ጎን ካለው ገመድ ጀርባ፣ ልክ ከትይዩዬ፣ ልጇ ሐያት አጠገብ ተቀምጣለች። ከስታለች። እንዳየኋት እሷም ስታየኝ ዓይኗን አላሸሸችም፣ እኔም አላሸሸሁም፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ መጀመሪያችን ነው። ሞንታርቦው «ነይ ከወዲያ ማዶ» ማለት ጀመረ።

እታለም ተነሳች። ታላቅ ናት፣ ቀድማ የምትወጣው እሷ ናት። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አደገደገች፣ ገመዱን በእጇ ዝቅ አድርጋ ተሻገረችው፣ ትከሻዋን ከፍ፣ አፏን ከፈት አድርጋ መጣች። እነዚያ የሳቲን ልጆች ደንግጠው መንገድ ለቀቁላት። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። እኔም ተነስቼአለሁ፤ ከኋላዬ አንዲቷ ቀሚሴን ጎትታ «ኧረ ቁጭ በይ፣ ከለልሽን!» ትለኛለች፤ አስለቅቄአት በወንበሮቹ መሐል እየተጋፋሁ ገመዱ ጋ ስደርስ፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ አስተባባሪ ከመድረኩ ወርዶ እታለምን በክርኗ ይዟታል። ፊቱ ላይ ክፋት የለም፤ እንዲያውም ፈገግ ብሏል። ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነገራት፣ እሷም መለሰችለት፣ በእጇም ወደ እኔ አመለከተች። ድምፅ ማጉያውን ወደ አፉ አስጠግቶ «እናታችን ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸዋል! ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» አለ። ሜዳው ሁሉ አጨበጨበ፣ አፏጨ፣ ሳቀ፣ ስልኩን ደቀነ። እሷን እየደገፈ ወንበሯ ላይ መልሶ አስቀመጣት። እኔ ገመዱን ይዤ ቀረሁ።

ሰዉን ገፍቼ በዙሪያው ስደርስ ወንበሯ ባዶ ነበር። ቤቷን ጠይቄ ሄድኩ፣ ደጃፏን ረግጬው አላውቅም ነበር። ሐያት በሩን ገርበብ አድርጋ «አክስቴ፣ ተኝታለች» አለችኝ፤ ከጀርባዋ ሳሏን እሰማለሁ። አልፈረድኩባትም። ያ ሁሉ ሰው የሳቀባት ሴት፣ ከሳቁት መሐል ታናሿም አለች ብላ ሳታስብ አትቀርም። በዚያ በር ላይ «እኔ አልሳቅኩም» ብዬ እንድጮህ አማረኝ፤ ጎረቤት ቆሞ ያየኝ ስለነበር አልጮኽኩም። በነጋታው ወደ ደሴ ተመለስኩ።

ክረምቱ ሲገባ ሳሉ ጠናባት፣ ሐምሌ ላይ ሞተች። ሐያት ደውላ ስትነግረኝ ተነስቼ በጭቃው መንገድ ስደርስ ቀብሩ አልፏል። ለቅሶ ቤት ሐያት አጠገቤ ተቀምጣ እያለቀሰች የነገረችኝን ባልሰማው ይሻለኝ ነበር። መጥሪያውን ለአዘጋጆቹ የሰጠቻቸው እታለም ናት። ግጥም ፍለጋ ቤቷ ሲመጡ «እሰጣችኋለሁ፣ ግን ደሴ ያለችውን እህቴን ጥሩልኝ» ብላቸዋለች። ያን ቀን ከሰው ሁሉ ቀድማ ሄዳ፣ እኔ የት እንደምቀመጥ እስክታይ ቆማ ጠብቃ፣ ከዚያ ወንበሯን ራሷ ተሸክማ ከትይዩዬ አስቀምጣዋለች። አስተባባሪው «እማማ፣ ፕሮግራሙ ይበላሽብናል፣ ሲያልቅ ፎቶ እንነሳለን» ሲላት ደግሞ «ፕሮግራም አይደለም ልጄ፣ እህቴ እኮ ናት ማዶ ያለችው» ብላዋለች። ሞንታርቦው ስለሚጮህ አልሰማትም።

እንግዲህ ይህችን ናት ለዘንድሮው ፕሮግራም ባነር ያደረጓት። ማንንም አልጠየቁም፤ ሐያትም እንደ እኔ መንገድ ላይ ነው ያየችው። ባነሩ ላይ ገመዱን አጥፍተውታል፣ አስተባባሪውም የለም፣ እኔም የለሁም። እታለም ባዶ ሜዳ ላይ ብቻዋን ደስ ብሏት ወደ ማንም የማትሄድ ትመስላለች። በነፃ ነው የሚሉት ነገር ምን ያህል እንዳስከፈለን ጠይቆ የሚያውቅ የለም። የድሮው ሰፈር ቢኖር፣ እመት ጦይባ ቢኖሩ፣ ከሁለት አንዳችን ሳቅ ያመልጠን ነበር፤ ይኸው ነበር የቀረን፣ አንዲት ሳቅ። ያቺን ሌላ ሰው ሳቀልን።

ፊት ለፊቷ ቆሜ ብዙ የቆየሁ ይመስለኛል። አንድ የተሳፋሪ ጠሪ መጣና በአክብሮት «እናቴ፣ መካነ ሰላም ነዎት? አንድ ሰው ነው የቀረን፣ ለፕሮግራሙ ይደርሳሉ» አለኝ።

«አይ ልጄ» አልኩት። «እዚያ የተኳረፍኩት ሰው የለኝም።»